የእናቴ እጆች በመስኮቱ

ሰውዬው በጓሮ በር የገባ ዕለት ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ።

በአገሩ ሰሜን ጫፍ ባለችው ደሴታችን የፊት ለፊቱ በር የሚከፈተው ለቄስና ለሬሳ ሣጥን ብቻ ነው። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ፖስተኛውም የሚገባው በጓሮ ነው፤ ቦት ጫማውን መተላለፊያው ላይ አውልቆ፣ ሳያንኳኳ፣ «ቤቶች!» እያለ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ይዘልቃል። ከደቡብ የመጣ ሰው ግን ይህን አያውቅም። ከፊት ቆሞ ሲያንኳኳ ይውላታል። ስለዚህ አዲሱ የዓሣ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አቶ አንፊን ሌረን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከጓሯችን ብቅ ሲል፣ መተላለፊያው ላይ እርጥብ ካልሲዬን የማወልቀው የዘጠኝ ዓመቷ እኔ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ መንገዱን ማን አሳየው?

ስሜ ቱሪድ ነው። አባቴ ሩቅ ባሕር የሚወጣ የዓሣ መርከብ ላይ ይሠራ ስለነበር፣ በአካል ሳይሆን በፎቶግራፍ ነው የማውቀው ብል ብዙም አልዋሸሁ። ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ቤቱ የእኔና የእናቴ የጉንቮር ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እናት ደግሞ፣ የስልክ እንጨት ሊተክል ከደቡብ ከመጣ ሰው ጋር ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ሹራብ ክርኑ ላይ ሲቀደድ የሚሰፋላት አልነበረም። ያንን ቀዳዳ ከሂሳብ ሰሌዳው የበለጠ አየው ነበር። ፍርሃቴ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ከደቡብ የመጣ ሰው እናቴን ይወስድብኛል።

ሰውዬው የመጣው በጎቹ ከተራራ በሚወርዱበት ሰሞን ነው። የመጣ ዕለት ሠራተኞቹን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሰብስቦ፣ የዓሣ ሣጥን ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ፋብሪካው ሥር የዓሣ ምላስ እየቆረጥን ለኪሳችን እንሠራ ነበርና፣ ወደ አዳራሹ በሚያስገባው የላስቲክ መጋረጃ ሥር አንገታችንን አስገብተን አዳመጥን። ንግግሩ አጭር ነበር።

«ደክሟችኋል» አለ። «ሁለት ቀን ቆሜ አይቻችኋለሁ። በዚህ ዓይነት ብዙ አትቆዩም። አብረን እናስተካክለዋለን።»

አጨብጫቢ ጠፋ። ሰውዬው ዝምታውን እንደ ምስጋና ቆጥሮት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከሣጥኑ ወርዶ ወደ ቢሮው ሄደ። በሩ ሲዘጋ ጉድ ፈላ።

«ሰማችሁ? ደክሟችኋል አለን!» አለች ዮሩን። ዮሩን ከእናቴ አጠገብ የምትቆም፣ ምላሷ ጤፍ የሚቆላ ሴት ነበረች። «ሄዶ እናቱን ደክሞሻል ይበላት! እኔ ሦስት ልጅ ወልጄ በሳምንቴ ቢላ የያዝኩ ሴት ነኝ!»

«ደግ ሰው ይመስላል» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«ደግ? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር! አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን አላየሽም?»

ሁላችንም አይተነዋል። የሩጫ አሰልጣኞች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት፣ አናቱን ሲጫኑት የሚነሳና የሚቆም ሰዓት ነበር። ሰዓት የያዘ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልገንም። ማዶ ያለው ደሴት ላይ የነበረው ፋብሪካ አምና ተዘግቷል፤ እዚያም መጀመሪያ የመጣው ሰዓት የያዘ ሰው ነው። ቀጥሎ ቀበቶው ፈጠነ፤ ዓሣውን ተሸክሞ በሴቶቹ ፊት የሚያልፈው ቀበቶ ማለቴ ነው። ከዚያ ሴቶቹ አልቻሉም ተባለ፤ ከዚያ በሩ ላይ ጣውላ ተመታ። በዚያ ላይ እኛ ደሴት ላይ ደከመኝ ያለች ሴት ማለት የምትቀበርበት ቀን ብቻ የቀራት ሴት ማለት ናት። ሰውዬው በአንድ አፍ ሁሉንም ሰድቦ ነው የገባው።

ፀሐይ ለክረምቱ ተሰናብታን ሄዳ ቀኑም እንደ ሌሊት ሲጨልም ነገሩ እየባሰ መጣ። አንድ ጠዋት ውሃ ጠምቶኝ ከአልጋዬ ወረድኩ። ወጥ ቤቱ ጨለማ ነው። እናቴ መብራት ሳታበራ መስኮቱ ፊት ቆማለች፤ የመንገዱ መብራት ፊቷ ላይ አርፏል። ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ ታወዛውዛለች። ዝም ብላ አይደለም የምታወዛውዘው፤ አጥብቃ፣ ደጋግማ፣ አንድን ሰው ከሩቅ «እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!» እንደምትል ሁሉ። በእግር ጣቶቼ ጫፍ ቆሜ በትከሻዋ በኩል አየሁ። ቁልቁል ወደ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር፣ አንድ ሰው ቆሟል። ባርኔጣ አድርጓል። እኛ ደሴት ላይ የሹራብ ቆብ እንጂ ባርኔጣ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ሰውዬው ባርኔጣውን አነሳ።

ውሃዬን ሳልጠጣ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እየነቃሁ አዳመጥኩ። እናቴ በየጠዋቱ ትነሳለች፤ የወለሉ ጣውላ ይንቋቋል፤ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ሰውዬው ሁልጊዜ አይኖርም። እሷ ግን ኖረም አልኖረም ታወዛውዛለች። አንዴ እንዲያውም ስታቃስት ሰማኋት። በናፍቆት ነው አልኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለ ናፍቆት የማውቀው ዮሩን ፋብሪካው ውስጥ ከምታንጎራጉረው ዘፈን ነው፤ እዚያ ውስጥ ሁሉም ሰው ያቃስታል።

እና በጓሮ በር መጣ።

መተላለፊያው ላይ፣ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ተሸጉጬ ቀረሁ። እሱ እኔን ሳያይ አልፎ ገባ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነው። ጆሮዬን ቀስሬ ብሰማም የሚመጣልኝ ቁርጥራጭ ነበር።

«ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዎታል?» አለ እሱ።

«ይነሳኛል» አለች እናቴ።

«ለባለቤትዎ ነግረውታል?»

«ምን ብዬ? እሱ ያለው ባሕር ላይ። ባይሰማው ይሻላል።»

«ዮሩንስ?»

«ማንም እንዳያውቅ! እባክዎ፣ አቶ ሌረን። በተለይ እሷ።»

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። የእናቴን ቀኝ እጅ ይዟል። በሁለት አውራ ጣቱ አንጓዋን ጫን፣ ጫን ያደርጋል። «እዚህ ጋ?» ይላታል። «እዚያ ጋ» ትለዋለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። የዚያች ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የሹራብ ቀዳዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ያን ቀን ከእኔ ጋር ይሆናሉ?» አለ። «እርስዎ ከጀመሩ ሌሎቹ ይከተላሉ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ለሁለት ቀን ያወራል። እጅዎን ግን ከዚህ በኋላ የሚመልስልዎ የለም።»

«ቃል አልሰጥዎትም። ላስብበት።»

እሱ ስለ እጇ ያላትንና የእሷን መልስ ነፋሱ በሩን እያንገጫገጨው ያኔ አልሰማሁም፤ በኋላ ነው ያወቅኩት። የሰማሁት «ያን ቀን» የሚለውን ነው። ያን ቀን ማለት መንገደኛ የሚጭነው መርከብ ወደ ደቡብ የሚሄድበት ቀን ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያን ማታ እራታችን የተቀቀለ ዓሣ ከጉበቱ ጋር ነበር። እናቴ ድንች ስትልጥ ቢላው ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሳችው፤ እንደገና ወደቀ። ዮሩን «ፍቅር የያዛት ሴት ዕቃ አይበረክትላትም» ስትል ሰምቼ ነበርና፣ ይኸው ምስክር አልኩ። ከዚያ ቀጥሎ ሳላስብ «እማዬ፣ ደቡብ አገር ቆንጆ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔ ምኑን አውቄው» አለችኝ። «ዛፍ ይበዛበታል አሉ። ምነው?»

«ምንም።»

የሥራ ፍጥነት ልኬቱ ከገና በፊት እንደሚሆን በፋብሪካው ተነገረ። ሰውዬው አንድ ሙሉ ፈረቃ ቆሞ ሊለካ ነው፤ የተገኘው ፍጥነት ደቡብ ላሉት ባለቤቶች ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ ቀበቶው በዚያ ፍጥነት ይሄዳል። ከተማ ሠርታ የመጣች አንዲት ወጣት በእረፍት ሰዓት «እዚያ ሲለኩን ሁላችንም ቀስ ነበር የምንለው፤ ብልሃቱ እሱ ነው» አለች። ደንበኛ ምክር ነበር። ዮሩን ግን ጠረጴዛውን መታችው።

«ቀስ እንበልና፣ ‹አላልኳችሁም፣ ደክሟቸዋል› ይበል? ሬሳዬ ነው ቀስ የሚለው! ሰሜን ምን ዓይነት ሴት እንደምታበቅል እናሳየዋለን!»

ሳቁ፤ ጮኹ፤ ተስማሙ። ሊለካን የመጣን ሰው ለማናደድ ራሳችንን በእጥፍ እናስለካለን! ይህን ስህተት የሚሠራ ሌላ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጆቿን በሽርጧ ሥር ደብቃ ነበር። አልሳቀችም። እኔ መጋረጃው ሥር ሆኜ አየኋት፤ ያልሳቀችው ሰውዬው ስለሚያሳዝናት ነው አልኩ።

የልኬቱ ቀን የትምህርት ቤቱ ምድጃ ተበላሽቶ ወደ ቤታችን ተሸኝተን ነበር። በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሮጥኩ። ሰውዬው ከቀበቶው ጫፍ ቆሞ ሰዓቱን ተጫነ። ቢላዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሱ። ዓሣው በሴቶቹ ፊት እየተገለበጠ፣ ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ሄደ። ሁሉም ይሮጣሉ። እናቴ ብቻ፣ የደሴቱ አንደኛ ቢላ ያዥ የሆነችው እናቴ፣ ቀስ እያለች ነው። ዓሣውን ትይዛለች፤ ታስቀምጣለች፤ እጇን ዝቅ አድርጋ ጣቶቿን ትዘረጋለች፤ እንደገና ትይዛለች። ፊቷ ላይ የአዳራሹ መብራት በሙሉ ያረፈ ይመስል ነበር።

በመጀመሪያ ማንም አላመነም። ከዚያ ዮሩን ጮኸች።

«አንቺ ጉንቮር! ዓሣውን እያስተኛሽው ነው? እሹሩሩ በይለት እንጂ!»

ሳቅ ሆነ። እናቴ ቀና አላለችም። ሁለት ሦስት ቢላዎች ግን ተጠራጥረው ቀዘዝ አሉ። አስታውሳለሁ፤ ከቀበቶው ማዶ ያሉት አንዲት አሮጊት ቢላቸውን አስቀምጠው ጣቶቻቸውን አሹ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ሳስበው አዳራሹ በሙሉ በአንዲት ትንፋሽ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ወይስ» አለች ዮሩን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ዝቅ ሲል ይበልጥ ይሰማል። «ወይስ ወጥ ቤት ውስጥ ተመካክራችሁ ነው?»

ሰውዬው ወደ ቤታችን ሲገባ የታየ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። እኛ ደሴት ላይ ሰው ሳያስነጥሰው ጉንፋን መያዙ ይታወቃል። የእናቴ አንገት ቀላ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላ። ቀና ብላ ዮሩንን አየቻት። ሰውዬውን አየችው። ከዚያ ቢላዋን አጥብቃ ያዘች።

እንደዚያ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ቢላው አይታይም፤ የሚታየው ዓሣው ሲከፈት ብቻ ነው። ሴቶቹ እሷን ለመከተል ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ሮጡ። ዮሩን «እንዲህ ነው እንጂ የኔ ጀግና!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እናቴ ከእሱ ጋር አትሄድም! በሰው ሁሉ ፊት፣ እኛን መረጠች። መጋረጃው ሥር ሆኜ እጄን እስኪያቃጥለኝ አጨበጨብኩ።

ሰውዬው ዓሣው ወደሚታጠብበት የጨው ውሃ ገንዳ ሲሄድ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሌሎቹ ዓይን እናቴ ላይ ነበር። ሰዓቱን ከአንገቱ አወለቀ። ሰዓቱን የያዘ እጁን ከገንዳው በላይ ዘረጋ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ።

ከዚያ ጮክ ብሎ «ወይኔ!» አለ። ክንዱን እስከ ክርኑ ነክሮ ሰዓቱን አወጣው፤ ጆሮው ላይ አደረገው። «ቆሟል። ልኬት የለም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «አንዲት ሰዓት መያዝ ያቃተው ሰው ፋብሪካ ይይዛል?» ተባለ። ለዓመታት መሳቂያ ሆነ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሆን ብሎ እንደጣለው አይቻለሁ። እናቴ ስለከዳችው በንዴት ነው የጣለው አልኩ። የተናደደ ሰው ደግሞ ይበቀላል።

ተበቀለም። ከገና በኋላ ሥራ ሲጀመር ደወል አሰቀለ። ደወሉ በተደወለ ቁጥር ሁሉም ቦታ ይለዋወጣል፤ ቢላ የያዘችው ወደ ማሸጊያ፣ ማሸጊያ ያለችው ወደ ሚዛን፣ ሚዛን ያለችው ወደ ቢላ። ጥግ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ የያዘ ገንዳ አስቀመጠ፤ እጃቸውን ሊያጠልቁበት። ማንም አላጠለቀም።

«ሊለያየን ነው» አለች ዮሩን። «አጠገብ ላጠገብ ቆመን እንዳንመክር። ውሃውም ምን እንዳለበት እሱና አምላኩ ይወቁት።»

እናቴን ግን ከሁሉም ለየት አድርጎ ከቢላው ጨርሶ አነሳት። ሣጥን መዛኝ አደረጋት። የደሴቱ አንደኛ ቢላ፣ ሣጥን መዛኝ! እሷ ሽርጧን አጥብቃ ወደ ሚዛኑ ሄደች። እኔ ግን መንገድ ላይ «እንደምን ዋልሽ ቱሪድ» ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ አዞርኩበት። በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ባለቤቶቹ ሌላ ሰው ላኩና ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ወደ መርከቡ ወረደ። ወደቡ ላይ የሚሸኘው አልነበረም። እናቴ ብቻ ሽርጧን ሳታወልቅ ሮጣ ወረደች። እኔ ከጀልባዎቹ ኋላ ሆኜ አየሁ። መርከቡ ሲርቅ እጇን አነሳች። የግራ እጇን ነበር።

ያችን የተነሳች እጅ ይዤ አደግሁ። አባቴ ከባሕር ሲመለስ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዳቦው ላይ ቡናማ አይብ ሲደረድር ሳየው ሆዴ ይባባ ነበር። ያወቅኩትን አያውቅም እል ነበር። ለእናቴ ያለኝ ፍቅር ውስጥ ስንጥር ገባች፤ ትንሽ ናት፣ ግን ትወጋለች። የልኬቱን ቀን ታሪክ ደግሞ በሠርግ በልደቱ ስንቴ አውርቼዋለሁ! እናቴ በሰው ሁሉ ፊት ከደቡብ የመጣውን ሰው ያሸነፈችበት ቀን። ሲያልቅ ሁልጊዜ ይጨበጨብልኛል። እናቴ ግን ከተቀመጠችበት ተነስታ ሳህን መሰብሰብ ትጀምራለች።

ይህ እስከ ዛሬ አምስት ዓመት ድረስ ነው። ያን ፋብሪካ ዛሬ የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ የሾሙኝ ሰሞን ዜናውን ይዤ ወደ አረጋውያን ቤት ሄድኩ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ እርጥብ ጓንት ተቀምጣለች፤ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ድሮ ጠፍቷል። ዜናዬን ስትሰማ እንኳን ደስ አለሽ አላለችኝም።

«ትለኪያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«ሁሉም ይለካል፣ እማዬ። ዛሬ ማሽኑ ራሱ ነው የሚለካው።»

«ሲለኩ ይሮጣሉ?»

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ግን የእሱ ነገር መነሳቱ አይቀርም ነበርና፣ አርባ ዓመት ያህል የዋጥኩትን አወጣሁት። «ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ሆነሽ እጅሽን ስታወዛውዢለት አይቼሻለሁ» አልኳት። «ለአቶ ሌረን።»

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ነርሷ በር ከፍታ እስክታይ ድረስ ሳቀች።

«አንቺም!» አለች። «እሳቸውም እንደዚያ ነው የመሰላቸው! ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ እኮ፣ ምስኪን! እኔ እጄ ደንዝዞ ነው የማራግፈው፣ ልጄ። ቢላው ነው። ጠዋት ስነሳ ሁለቱም እጆቼ የሉም፤ እንጨት ናቸው። ደም እስኪመለስ አራግፋቸዋለሁ። ማንም አላወቀብኝም። እሳቸው ግን በማግስቱም አዩኝ፣ በሦስተኛውም አዩኝ፣ ገባቸው።»

«በጓሮ በር ነው የመጡት» አልኩ፤ እንደ ልጅ።

«ከፊት ሲያንኳኩ ቆይተው ነዋ! በሩ በበረዶ ታፍኗል፣ ማን ይከፍትላቸዋል? ዞረው መጡ።»

እስካሁን «ሰውዬው» ስል የቆየሁት የያኔዋ ልጅ አፍ ሆኖብኝ ነው። አቶ ሌረን ከእናቴ የፈለጉት በልኬቱ ቀን እጇ የሚችለውን ያህል ብቻ እንድትሠራ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልነበረም። አንደኛዋ ቀስ ካለች ሌሎቹም እውነተኛ ጉልበታቸውን ያሳያሉ፤ ባለቤቶቹም የሰው እጅ የሚሸከመውን ፍጥነት በጽሑፍ ያገኙታል። እናቴ እሺ ብላ ነበር የገባችው። ዮሩን በሰው ሁሉ ፊት ስትነካት ግን አልቻለችም። እኔ በየሠርጉ የማወራው ጀግንነት ያ ነው።

«ጉብዝና አልነበረም» አለችኝ። «ፈርቼ ነው። መሮጥ ቀላል ነው፣ ቱሪድ። ሰው እያየሽ ደከመኝ ማለት ነው የሚከብድ። እኔ ያን ቀን ባልፈራ ደወሉ ከገና በፊት ይሰቀል ነበር። ቀኝ እጄ ያለቀችው በዚያ ፈረቃ ነው፤ ስትሄድ ተሰማኝ። እሳቸውም አዩ። ያን የእኛን የእብደት ፍጥነት ወደ ደቡብ ከሚልኩት ሰዓታቸውን አሰጠሙት፤ በኋላም ለደወሉ ብለው ከባለቤቶቹ ጋር ተጣሉ። እኛ ሳቅንባቸው።»

የደወሉን ነገር እኔ ከእሷ በላይ አውቀዋለሁ። በዚያ ዓመት የሚሞላው ሣጥን አልቀነሰም፤ ሴቶቹ ታመው ቤት የሚውሉበት ቀን ነው የቀነሰው። ማዶ ያለው ፋብሪካ ጣውላ ተመትቶበት ሳለ የእኛ በኋላም ያልተዘጋው ለዚህ ነው። ይህን በሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ተቀምጬ ከአሮጌው መዝገብ ሳየው ከእናቴ ወሬ ጋር ገጠመ። ያም ሆኖ የጥርጣሬ ልጅ ነኝና ጠየቅኳት።

«ግን ለሣጥናቸው ብለው ነው ወይስ ለአንቺ?»

እናቴ በግራ እጇ ቀኟን አንስታ አስተካከለቻት።

«ለሁለቱም። ለሣጥኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዞረው በጓሮ አይመጡም ነበር። ለእኔ ብቻ ነው ቢሉኝ ደግሞ አላስገባቸውም ነበር።»

ባለፈው ክረምት አረፈች፤ አስከሬኗን ወደ ቤታችን አመጣነው። ቄሱ በፊት ለፊቱ በር ገባ፤ የሬሳ ሣጥኑም በዚያው ወጣ።

ከቀብሯ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ፀሐይ በሌለችበት በዚያው ሰሞን፣ ጠዋት ወደ ፋብሪካው እየነዳሁ ሳለ በአንድ የወጥ ቤት መስኮት አንዲት ሴት እጆቿን ስታወዛውዝልኝ አየሁ። ዳኑተ ናት፤ ከሊትዌኒያ መጥታ እኛ ጋ የምትሠራ፣ ፈጣን፣ ከሥራ ቀርታ የማታውቅ። ሰላም ልላት እጄን አነሳሁ። እጄ እንደተነሳ ቀረ። እሷ እኔን እያየች አልነበረም። መብራት አላበራችም።

መኪናዬን አቆምኩ። ዞሬ በጓሮ ገባሁና ቦት ጫማዬን መተላለፊያው ላይ አወለቅኩ። «ቤቶች!» ልል አፌን ስከፍት፣ ከተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ሁለት ዓይኖች አየሁ። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗን አጥብባ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ያንን አስተያየት ከውስጥ አውቀዋለሁ።

«ከእናቴ ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

በርከክ አልኩላት። ያኔ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ለእሷ ነገርኳት።

«ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። ሣጥኖቼ እንዲሞሉ፣ የእናትሽም እጅ እንዲድን። ጠርጥሪኝ፣ ልክ ነሽ። ግን አስገቢኝ።»